ጥፍር ቀለሙ ለምን አልለቅ አለ?

ግሊተር ያለበትን ጥፍር ቀለም መቀባት ቀላል ነው። ጉድ የሚፈላው ማስለቀቁ ላይ ነው። ጥጡ አሴቶን ውስጥ ይነከራል፣ ይታሻል፣ ይበጣጠሳል። ጣት ይቀላል፣ ቤቱ በአሴቶን ሽታ ይታፈናል፣ ግሊተሩ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ምላጭ ይፈለጋል። በጥርሷ የምትጀምርም አለች።

አሴቶኑ ውሃ ተቀላቅሎበታል ብሎ ባለሱቁን ማማት ይቀናናል። ብዙ ጊዜ ግን ባለሱቁ የለበትም። ጥፍራችን ላይ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ሳንለይ ለሁሉም አንድ መድኃኒት ስለምናዝ ነው የምንቸገረው። ጥፍር ላይ የምናደርገው ቀለም በሦስት ይከፈላል። የሚሟሟ አለ። የማይሟሟ፣ ግን አብጦ የሚላላ አለ። ከጥፍሩ ጋር የተዋሐደና ጭራሽ የማይወጣም አለ። የትኛው እንደሆነ ካወቃችሁ ሥራው ግማሽ አለቀ።

ከተራው እንጀምር። በብሩሽ ተቀብቶ በአየር የሚደርቀው፣ የትም ሱቅ የሚገኘው ቀለም ዋና አካሉ ናይትሮሴሉሎስ ይባላል። ጥጥ ወይም የእንጨት ቃጫ በናይትሪክ አሲድ ታሽቶ የሚገኝ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ መኪና የሚቀባበት ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ከዚሁ ይሠራ ነበር። የጥፍር ቀለም ከመኪና ቀለም ብዙ ተበድሯል። ሬቭሎን እ.ኤ.አ. በ1932 ሲቋቋም የሚሸጠው ጥፍር ቀለም ብቻ ነበር።

ጠርሙሱ ውስጥ ናይትሮሴሉሎሱ ኢታይል አሲቴትና ቡታይል አሲቴት በሚባሉ ፈሳሾች ሟሙቶ ይቀመጣል። ስንቀባ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታ ፈሳሹ እየተነነ ስለሆነ ነው። ፈሳሹ ተኖ ሲያልቅ ጥፍሩ ላይ ስስ ሽፋን ይቀራል። ያኔ ደረቀ እንላለን። ልብ በሉ፤ ደረቀ እንጂ ሌላ ነገር አልሆነም። ፈሳሽ መልሰን ከሰጠነው መልሶ ይሟሟል። አሴቶን የሚሠራው ይህንኑ ነው። ለዚህ ነው ተራ ቀለም በአንድ ሁለት ጠረጋ የሚወርደው።

ጄል እንዲህ አይደለም። ጄል አይደርቅም፤ ይጠነክራል። እጃችንን ጄል ማጠንከሪያው መብራት ውስጥ ስናስገባ ጨረሩ የጄሉን ትናንሽ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ያያይዛቸዋል። ከደቂቃ ባነሰ ወይም በጥቂት በለጠ ጊዜ ውስጥ እንደ ዓሣ መረብ ተጠላልፈው አንድ ይሆናሉ። አሴቶን ይህን መረብ አያሟሟውም። ቀስ ብሎ ይገባበትና ያሳብጠዋል፣ ያላላዋል፣ ከጥፍሩ ያስነሳዋል። ይህ ጊዜ ይፈልጋል። ጄልን በጥጥ ማሸት ጉልበት ማባከን የሚሆነው ለዚህ ነው።

ጠርሙሱ ላይ «ጄል» ስለተባለ ብቻ ግን ጄል ነው ማለት አይደለም። ጄል ይመስላል፣ ያንጸባርቃል ለማለት የሚጽፉ ብዙ ናቸው። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ መብራት ውስጥ ገብቷል ወይስ አልገባም? ካልገባና በራሱ ከደረቀ ተራ ቀለም ነው፣ እንደ ተራ ይለቃል።

ሦስተኛው ወገን ሂና እና እንሶስላ ናቸው። እነዚህ ጥፍሩ ላይ አይለጠፉም፤ ጥፍሩን ራሱን ያቀልሙታል። የሂናው ቀለም ጥፍር ከተሠራበት ኬራቲን ጋር ይያያዛል። ስለዚህ አሴቶን ብታፈሱበትም ለውጥ የለም። ጥፍሩ አድጎ እስኪቆረጥ መጠበቅ ነው። የእጅ ጥፍር በወር ወደ 3 ሚሊሜትር ያድጋል፤ ከሥር እስከ ጫፍ ለመታደስ ስድስት ወር አካባቢ ይፈጃል። የእግር ጥፍር ደግሞ ከዓመት በላይ። ለሠርግ እግር ጥፍሯን ሂና የተቀባች ሙሽራ በዓመቱም ጫፉ ላይ ምልክቱን ልታየው ትችላለች። በነገራችን ላይ ብዙ ሙስሊም እህቶች ሂናን የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ጥፍር ቀለም ሽፋን ስለሆነ የውዱእ፣ ማለትም ከሶላት በፊት የሚታጠቡበት፣ ውሃ ጥፍሩን እንዳይነካ ያግዳል። ሂና ሽፋን የለውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ጥቁር ሂና» ተብሎ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጥቁር የሚያደርግ ነገር ካገኛችሁ ተጠንቀቁ። የሂና ቅጠል የሚሰጠው ቀለም ወደ ቀይ ቡኒ ያደላ ነው። ቶሎ እንዲጠቁር ብዙ ጊዜ የሚጨመርበት የፀጉር ቀለም ውስጥ ያለ ኬሚካል ነው። ቆዳ ሊያቃጥልና ዕድሜ ልክ የሚቆይ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል።

ወደ ግሊተሩ ልመለስ

ግሊተር የሚያስቸግረው ሁለት ነገር አንድ ላይ ስለሆነ ነው። የሚይዘው ቀለም ተራ ናይትሮሴሉሎስ ነው፣ ይሟሟል። ብልጭልጩ ራሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከስስ ፕላስቲክ ተቆርጦ ብረት ነክ ቀለም የተለበጠ ነው። የፕላስቲኩ ዓይነት የውሃ ሃይላንድ ከሚሠራበት አንድ ነው፤ አሴቶን አይበግረውም። እነዚህ ቅንጣቶች ተደራርበው ሲተኙ ሥራቸው ያለውን ቀለም ይሸፍኑታል። አሴቶኑ ወደ ታች መግቢያ ያጣል። እኛ እናሻለን፣ አሴቶኑ ከላይ ይተናል፣ ቅንጣቱ ጥፍራችንን ይቧጭራል።

መፍትሔው ማሸት መተው ነው። ጥጥ በጥፍራችሁ ልክ ቁረጡ። ትልቅ አትቁረጡ፣ የተረፈው ቆዳችሁን ነው የሚያደርቀው። ጣታችሁ ዙሪያ፣ በተለይ ጥፍሩ ሥር ያለው ቆዳ ላይ፣ ቫዝሊን ቀቡ። ጥፍሩን ራሱን ቫዝሊን እንዳይነካው፤ ከነካው አሴቶኑን ያግድባችኋል። ጥጡን አሴቶን አጠጡትና ጥፍሩ ላይ አስቀምጡ። ከላዩ የጣት ጫፍ የሚሸፍን አልሙኒየም ፎይል ጠቅልሉ። ፎይሉ የሚሠራው አንድ ነገር ነው፤ አሴቶኑ እንዳይተን ይይዘዋል። አምስት ደቂቃ ያህል ተዉት። ከዚያ ፎይሉን ከላይ ጫን አድርጋችሁ ከሥር ወደ ጫፍ ሳቡት። ግሊተሩ ከጥጡ ጋር አብሮ ይመጣል። የቀረ ካለ ሁለተኛ ጊዜ ጠቅልሉ እንጂ ጥፍር አትጫሩ።

እዚህ ላይ የምትጠቀሙበትን ጠርሙስ አገላብጣችሁ አንብቡ። እኛ ጋ ማስለቀቂያ ሁሉ «አሴቶን» ነው የሚባለው። ውስጡ ግን አሴቶን የሌለው ብዙ አለ። እሱ ለተራ ቀለም ይበቃል፣ ለቆዳም ሻል ይላል። ለግሊተር ይጎትታል፣ ለጄል ደግሞ አይረባም።

ጥቁር ቀይና ጥቁር ቀለሞች ሌላ ጠባይ አላቸው። ይለቃሉ፣ ግን ጣቱን ሁሉ ያጨማልቁታል። ጥጡን ጥፍሩ ላይ አሳርፋችሁ ጥቂት ሰከንድ ያዙና በአንድ አቅጣጫ ሳቡ። ለየጥፍሩ ንጹሕ ጥጥ ተጠቀሙ። በቆሸሸ ጥጥ አሥር ጣት ማዳረስ ቀለሙን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዞር ነው።

ጄል ሲሆን ፎይሉ ይቀጥላል፤ ከፊቱ ግን አንድ ሥራ አለ። የላዩን አንጸባራቂ ሽፋን በሞረድ ቀለል አድርጋችሁ አደብዝዙት። ያ ሽፋን ካልተነካ አሴቶኑ አይገባም። ከዚያ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠቅልላችሁ ቆዩ። በትክክል ሲላላ ጄሉ ጠርዙ ላይ ተነስቶ የተኮማተረ ይመስላል። ለስለስ ባለ የእንጨት ቆዳ መግፊያ ገፋ ሲደረግ ይወርዳል። አልወርድ ካለ አልደረሰም። መልሳችሁ ጠቅልሉ።

ጄልን ተነስቷል ብሎ መላጥ ክፉ ልማድ ነው። ጥፍር ብዙ ስስ ንጣፎች ተደራርበው የሠሩት ነው። ጄሉ ሲላጥ የላይኛውን ንጣፍ ይዞ ይሄዳል። ጥፍሩ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣው፣ የሚሳሳው፣ ሙቅ ውሃ ሲነካው የሚያቃጥለው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ግን «ጄል ጥፍሬን በላው» ይላል። የበላው መላጡ ነው።

አሴቶን ፈጽሞ የማያነሳው ጠንካራ ጄልም አለ፤ እሱ በሞረድ ብቻ ነው የሚወርደው። ግማሽ ሰዓት ጠቅልላችሁ ምንም ካልሆነ ወደ ሠራችላችሁ ባለሙያ ተመለሱ። አክሪሊክ፣ ማለትም ዱቄትና ፈሳሽ ተቀላቅሎ ጥፍር ላይ የሚሠራው ጠንካራ ሽፋን፣ በአሴቶን ይሟሟል፣ ግን ከጄል የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። በሙጫ የተለጠፈ አርቴፊሻል ጥፍር ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ለብ ያለ የሳሙና ውሃ ውስጥ እጃችሁን አቆዩ። ብዙዎቹ በዚያ ብቻ ይላላሉ።

እሳት ያለበት ቤት

አሴቶን 56 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ይህ ማለት በክፍል ሙቀትም ሳይቋረጥ ይተናል። ተኑ ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ወለሉን ተጉዞ እሳት ጋ ይደርሳል። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ እንኳ ለመቀጣጠል የሚበቃ ተን ይሰጣል። የቅዳሜ ከሰዓቱን የጥፍር ሥራችንን አስቡት። ከሰል ተያይዟል፣ ቡና ተጥዷል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ እኛ ከጎን ሆነን ጥፍር እናጸዳለን። አይሆንም። ወይ ቡናው ይለቅ፣ ወይ ጥፍሩ ይቆይ። መስኮት ክፈቱ። የተነከረውን ጥጥም ማንደጃው ላይ አትጣሉ። በኢንተርኔት አሴቶን አሙቁ የሚል ምክር ይዘዋወራል፤ ምድጃ ላይም ሆነ ማይክሮዌቭ ውስጥ ፈጽሞ አትሞክሩት። ሙቀት ከፈለጋችሁ ፎይል በተጠቀለለው እጃችሁ ላይ በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ጣል አድርጉ። ያው ሥራ ይሠራል።

ዕቃውም ይታሰብበት። አሴቶን የጠረጴዛ ቫርኒሽ ያነሳል፣ የፎም ኩባያ ይበሳል፣ አንዳንድ ፕላስቲክ ያደበዝዛል። የሸክላ ስኒ ወይም ብርጭቆ ተጠቀሙ፣ ሥሩ ጋዜጣ አንጥፉ።

አሴቶን ሲያልቅስ? ብዙ ሰው የማያውቀው ጥሩ ዘዴ አለ። አሮጌው ቀለም ላይ ሌላ ተራ ቀለም ወፈር አድርጋችሁ ቀቡና ሳይደርቅ በሶፍት ጥረጉት። አዲሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ የድሮውን ያሟሟዋል። አያምርም፣ ግን ይሠራል። ሽቶ፣ ዲዮድራንትና የእጅ ሳኒታይዘር አልኮል ስላላቸው ቀስ እያሉ ያላላሉ። ሎሚና ኮምጣጤ ግን ናይትሮሴሉሎስን አያሟሙም። የጥርስ ሳሙናም የሚያነሳው በመፋቅ ነው፣ በዚያው ጥፍሩንም ይፍቃል። ቤንዚንን ወዲያ በሉት፤ ለቆዳም ለቤትም አደጋ ነው።

ከመቀባት በፊት ማስለቀቁን ማሰብ

አሁን ደስ ወደሚለው። ቤት ውስጥ ጥፍር ላይ ለመሳል የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። ስቴኪኒ፣ ያለቀ እስክሪቢቶ፣ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቁራጭ፣ ፕላስተር ይበቃል። ከሁሉ በፊት ግን ቤዝ ኮት፣ ከቀለሙ ሥር የሚቀባው ስስ ሽፋን፣ አለ። ብዙዎቻችን እንዘለዋለን። ቤዝ ኮት ቀዩና ብርቱካናማው ቀለም ወደ ጥፍር ሰርጎ ቢጫ እንዳያደርገው ይከላከላል። አንዴ ቢጫ ከሆነ በኋላ አሴቶን አያጸዳውም፤ እንደ ሂናው አድጎ መሄድ አለበት።

ግሊተር ልትቀቡ ከሆነና ለአንድ ለሁለት ቀን ብቻ ከፈለጋችሁት፣ ለበዓል ወይም ለሠርግ፣ በቤዝ ኮቱ ፋንታ ተማሪዎች የሚጠቀሙበትን ነጭ ኮላ ቀቡ። በጥቂት ውሃ ቀጠን አድርጉት። ሲደርቅ መስታወት ይመስላል። ግሊተሩን በላዩ ቀቡ። ስትፈልጉ እጃችሁን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆይታችሁ ከጠርዙ ስታነሱት ሙሉውን ይወጣል፣ ያለ አሴቶን። ኮላው በውሃ ስለሚላላ ግን ዕቃ የምታጥቡበት ቀን አይመከርም። ሱፐር ግሉ ኮላ ነው ብላችሁ እንዳትቀቡ አደራ።

ቀለም ሲቀባ ስስ ይሁን። ወፍራም ሲሆን ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ሥሩ ያለው ፈሳሽ መውጫ ያጣል። በነጋታው የአንሶላ አሻራ የምታገኙት፣ አረፋ የሚያወጣውም ለዚህ ነው። ሁለት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል፤ በመካከሉ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። የወፈረ ጠርሙስ ውስጥ አሴቶን ጠብ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ለጊዜው ይቀጥናል፣ ኋላ ግን ቀለሙ ይበላሻል፣ ጥፍር ላይም አይቆይም። ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ ማቅጠኛ አለ።

ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ እንሳል። ጥፍሩን ነጭ ወይም ፈዛዛ አረንጓዴ ቀቡና በደንብ ይድረቅ። አንድ ጠብታ ቢጫ ፎይል ላይ አፍስሱ። የእስክሪቢቶውን ጫፍ ነክራችሁ አምስት ነጥብ በክብ አሳርፉ። ከእያንዳንዱ ነጥብ በፊት መልሳችሁ ንከሩ፣ አለዚያ መጠናቸው እያነሰ ይሄዳል። ነጥቦቹ ሳይደርቁ በስቴኪኒ ጫፍ እያንዳንዱን ወደ መሐል ሳብ አድርጉ። ነጥቡ ወደ ቅጠል ይለወጣል። መሐሉ ላይ አንድ ብርቱካናማ ነጥብ። የእውነተኛዋ አደይ ቅጠሎች ከዚህ ይበዛሉ፤ ጥፍር ላይ ግን ቦታው የለም። አሥሩም ጥፍር ላይ መሳልም አያስፈልግም። ለእኔ የቀለበት ጣትና አውራ ጣት ላይ ሲሆን ነው የሚያምረው፤ አሥር አበባ መጋረጃ ይመስላል።

ቶፕ ኮት፣ መጨረሻ ላይ ከላይ የሚቀባውን ሽፋን፣ ለመቀባት አትቸኩሉ። ሥዕሉ እርጥብ ከሆነ ብሩሹ ይጎትተዋል። አሥር ደቂቃ ያህል ቆዩና ብሩሹን ሞላ አድርጋችሁ፣ ሳትጫኑ፣ በአንድ ጉዞ እለፉበት።

የሐበሻ ቀሚሳችሁን ጥበብ ጥፍር ላይ ማምጣት ከፈለጋችሁ ፕላስተር ነው መላው። መጀመሪያ የእጃችሁ ጀርባ ላይ ለጥፋችሁ አንሱት፤ ማጣበቂያው ይቀንስና የታችኛውን ቀለም አያነሳም። በቀጭን ቁረጡት፣ ሙሉ በሙሉ በደረቀ ጥፍር ላይ አሰላልፉት፣ በላዩ ሁለተኛውን ቀለም ቀቡ። ፕላስተሩ ቀለሙ ሳይደርቅ ይነሳ። ከደረቀ በኋላ ካነሳችሁት ጠርዙ ይቦጨቃል። ሁለት ቀለም አዋሕዶ ለማፍዘዝ ደግሞ ስፖንጁ ላይ ጎን ለጎን ቀብታችሁ ጥፍሩን ደጋግማችሁ መታ መታ አድርጉ። ዙሪያውን ቀድማችሁ ቫዝሊን ከቀባችሁ የተረጨው በሶፍት ይጠረጋል።

ጄል ቤት ውስጥ ስለመሥራት ስጠየቅ ትንሽ አመነታለሁ። ከነመብራቱ በሣጥን የሚሸጠው ያጓጓል። ነገር ግን ያልጠነከረ ጄል ቆዳ ሲነካ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል። በጣት ዙሪያ ማሳከክ፣ መቅላት፣ አንዳንዴም ዐይን ቆብ ላይ ሳይቀር ይወጣል፤ ምክንያቱም እጃችን ፊታችንን ይነካል። ከመጣ አይተውም። ተመሳሳይ ኬሚካሎች የጥርስ ሙሌት ውስጥ ስላሉ ኋላ ጥርስ ሲሞላም ሊያስቸግር ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ሄማ የሚባለው የጄል ኬሚካል ያለባቸው የጥፍር ምርቶች ለባለሙያ ብቻ እንዲሆኑ እ.ኤ.አ. በ2020 የወሰነው በዚህ የተነሳ ነው። ትሠራላችሁ ካላችሁ ጄሉና መብራቱ የአንድ አምራች ይሁኑ፣ ቆዳ የነካውን መብራት ከመግባቱ በፊት ጥረጉ፣ አንዴ ካሳከካችሁ አቁሙ።

ከማስለቀቅ በኋላ እጅ ይታጠብ፤ ዘይትም ቅባትም ይሁን አንድ ነገር ይቀባ። አሴቶን የጥፍሩንና የቆዳውን ወዝ ይወስዳል፤ ነጣ ብሎ የሚታየው ድርቀት ነው።

ቀለም የሌለው ጥፍር ሲታይ አልፎ አልፎ ሌላ ነገርም ይገኛል። አረንጓዴ ነጠብጣብ፣ ከሥጋው የተለየ ጥፍር፣ በቁመት የወረደ ጥቁር መስመር። እነዚህን በቀለም መሸፈን አይገባም። ሐኪም ጋ ስትሄዱ ጥፍሩን ሳትቀቡ ሂዱ፤ የሚታየው ጥፍሩ ነው። ለቀዶ ሕክምና የምትገቡ ከሆነም ቢያንስ ከአንድ ሁለት ጣት ላይ አውልቁት። ጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ በጥፍር ውስጥ ብርሃን እያሳለፈ ነው የሚያነበው፤ ጥቁርና ጥልቅ ቀለም ንባቡን ሊያዛባው ይችላል። ጄል ከሆነ ደግሞ ከቀጠሮው ቀን ቀደም ብላችሁ አስለቅቁት።